መልስ፦ ከድሮ ቴአትር ገጸ ባሕርይ መዋስ ስርቆት ነው ወይ?

ወንድሜ፣ የሐዋሳው የቴአትር ክበባችሁ ከድሮ ተውኔት ገጸ ባሕርይ ቢዋስ ስርቆት ይሆናል ወይ ብለሃል። በፍጹም! ቴአትር ድሮም በመዋዋስ ነው የኖረው። ሼክስፒር ራሱ «ሃምሌት»ን የወሰደው ከጥንት የዴንማርክ ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ቶም ስቶፓርድ ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ከዚያው ተውኔት ሁለት ትናንሽ ገጸ ባሕርያትን አውጥቶ ዋና አደረጋቸው። የስቶፓርድ ተውኔት ሲጀምር ሁለቱ ሳንቲም ይወረውራሉ። ሳንቲሙ ደጋግሞ በአንድ ፊት ብቻ ይወድቃል። ዕጣቸው ቀድሞ እንደተቆረጠ ያኔ ይሰማሃል። እኔ ይህን አጀማመር በጣም ነው የምወደው።

እናንተም ጣሊያናዊው ጸሐፌ ተውኔት ጎልዶኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈውን፣ ለሁለት ጌቶች በድብቅ የሚያገለግለውን ያን ሁሌ የራበው አሽከር ወደ ሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል አምጡት። ለሁለት ዓሣ ነጋዴዎች ይላላክ። ረሃቡንና ሩጫውን አትንኩበት። ቀልዱና አነጋገሩ ግን የሐዋሳ ይሁን። ፖስተሩ ላይ ከማን እንደወሰዳችሁት ጻፉ።