አንድ ሰኞ ብቻ ቅረጽ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። 26 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ፎቶ ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ እቀርጻለሁ። እናቴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ በርበሬ ይዛ ወርዳ ቅቤ ይዛ እየተመለሰች ነው ያሳደገችን። ማታ ስትመጣ መጀመሪያ የምትቆጥረው ብሩን አይደለም፤ እኛን ነበር። ስለ እሷ ፊልም ለመሥራት 140 ገጽ ጽፌያለሁ። አንድ ሰው «ሐሳቡን ስጠኝ፣ እኔ አሠራዋለሁ፤ ስምህ ይገባል» አለኝ። ልስጠው? ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ? ብሠራውስ ማን ያይልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። «መጀመሪያ የምትቆጥረው እኛን ነበር» ያልከው ነገር ከራሴ አልወጣ ብሏል። ፊልምህ እሱ ነው።

በስክሪፕት አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። 140 ገጽ ከሁለት ሰዓት በላይ ይሆናል። ያን ያህል ቀን ተዋናይ ማብላት፣ መኪና መከራየት፣ ሰው ማሳደር የፎቶ ቤት ደመወዝ አይችለውም። አትቅደደው፤ አስቀምጠው። አሁን 12 ገጽ ጻፍ። አንድ ሰኞ ብቻ። ሴትየዋ በጨለማ ትነሳለች፣ መኪና ትጠብቃለች፣ ትነግዳለች፣ ትመለሳለች፣ ልጆቿን ትቆጥራለች። አንድ ልጅ ቢጎድልስ? እዚያ ላይ አስብበት።

አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግህም። ባቲ እዚያው ጎንህ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ገበያ ሲከራከር የሚሰማበት ቦታ ስንት አለ? ሦስቱንም ቋንቋ እንዳለ ተወው፤ ከታች ጽሑፍ ታስገባለህ። ከቀረጻው በፊት ግን ሁለት ሦስት ሰኞ ያለ ካሜራ ሂድ። ነጋዴዎቹ ይልመዱህ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቅ፣ ከከተማው አስተዳደርም ደብዳቤ ያዝ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የሰው ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል። ፊት የሚታይበትን ሁሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ቅረጸው።

የሠርግ ቀራጭ እጁ ፈጣን ነው፣ ሰው አይፈራም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁሉንም የመቅረጽ ልማድ አለበት። ድሮኑንና ስሎው ሞሽኑን ለሠርጉ ተውለት። እዚህ ካሜራውን አንድ ቦታ አቁምና ሴትየዋ ቅቤውን በጣቷ ስትቀምስ ጠብቅ።

ስለ ድምፅ ግን አጥብቄ ልለምንህ። የዛሬ 11 ዓመት የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ደሴ ፒያሳ ላይ ቀረጽኩ። ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ነበር የተማመንኩት። ሥዕሉ ሸጋ ነበር። ቤት ገብቼ ስሰማው የባጃጅ ጩኸትና ነፋስ ብቻ ነው። እናትየው ለልጇ የምትናገረው ቃል፣ ፊልሙ ሁሉ የተሠራለት ቃል፣ የለም። ብርድ ልብስ ሰቅለን ሦስት ሌሊት ድምፅ ብንቀዳም ከንፈሯና ቃሉ እስከ ዛሬ አልገጠሙም። አሁንም ሳየው ያመኛል። ሰው ደብዘዝ ያለ ሥዕል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር አይታገሥም። ስለዚህ ከነጠላዋ ሥር የምትደበቅ ትንሽ ማይክ ተዋስ፣ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ይኑር። እያንዳንዱ ትዕይንት ሲያልቅ ሁሉም ሰው ዝም ይበልና የቦታውን ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዳ። ኤዲት ስታደርግ ቁርጡን የምትሸፍነው በእሱ ነው። የቀረጽከውንም በዕለቱ ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጥ፤ አንዱ ዘመድ ቤት ይደር።

ሙዚቃ ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። የባቲ ቅኝት የሁላችንም ነው፤ የተቀዳ ዘፈን ግን ባለቤት አለው። ሳያስፈቅዱ የወሰዱት ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ገና ሲጫን ሊያዝ ይችላል። አንድ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈልግ፣ ክፈለው፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበል።

«ሐሳቡን ስጠኝ» ላለህ ሰው በቃል ምንም አትስጥ። የቅጂ መብት አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም። የጻፍከውን ስክሪፕት ግን ባታስመዘግበውም ይጠብቅልሃል። መብትህን የምታስተላልፈውም በጽሑፍ ነው። እውነት ሊሠራው ከፈለገ ውል ይዞ ይምጣ፦ ስንት ይከፍላል፣ ለስንት ዓመት፣ ዳይሬክተሩ ማነው? ይህን የምልህ ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ አከፋፋይ በቃል ተስማምተን ሁለተኛ ፊልሜን በፍላሽ ወሰደ። በሌላ ርዕስ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። የምከስበት አንድ ወረቀት አልነበረኝም።

ማን ያያል ላልከው፣ ተቻኩለህ ዩቲዩብ ላይ አትጫን። ብዙ ፌስቲቫሎች ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፊልም አይቀበሉም። መጀመሪያ ማመልከቻ የማያስከፍሉትን ፈልገህ ላክ፤ ከ15 ደቂቃ በታች የሆነ ፊልም ፕሮግራም ውስጥ ለማስገባት ይቀላቸዋል። እስከዚያው ራስህ አሳይ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. «ሳንኮፋ»ን ሲጨርሱ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈለጉትም። እሳቸው ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራዩ፤ ከዚያም ከከተማ ከተማ እየዞሩ ከየአካባቢው ሰው ጋር ሆነው አሳዩት። አንተ ደግሞ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ፕሮጀክተርና ነጭ አንሶላ ይበቃሃል። መጀመሪያ ባቲ አሳይ፣ ቀጥሎ ኮምቦልቻ። እኔ ሐይቅ ከተማ ፊልሜን ሳሳይ አንዲት እናት ብድግ ብለው «ልጄ፣ ይች ሴት ሦስተኛውን ቡና ሳታፈላ እንዴት ትነሳለች? በረካው ቀረ እኮ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በማግስቱ ያን ትዕይንት እንደገና ቀረጽኩት። እንዲህ ያለ አስተያየት ከየትም ፌስቲቫል አላገኘሁም።

አንድ ነገር ግን አልጻፍክልኝም። እናትህ ይህን ያውቃሉ? ሕይወታቸው ነውና አደባባይ እንዲወጣ የሚፈልጉትንና የማይፈልጉትን ይንገሩህ። ይህ ይሁን ያሉትን ያዝ፣ ይቅር ያሉትን አውጣ። 12ቱን ገጽ ከመጀመርህ በፊት ቡና አስፈልተህ ጠይቃቸው፤ ያሉህን ጻፍልኝ።