የሆስፒታል ፓርኪንግ ይከፈልበት ወይስ አይከፈልበት? የአንድ አስታማሚ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ሆስፒታል ለመኪና ማቆሚያ ማስከፈሉ ልክ ነው? ባለቤቴ ገንዘቡ ለህክምና ነው የሚውለው ይላል፣ እኔ ደግሞ በታመመ ሰው ላይ መነገድ ነው እላለሁ፤ ማናችን ነን ልክ?» ነበር ያልሽው። እኔ እናቴን ለኩላሊት እጥበት ሁለት ዓመት ሙሉ አመላልሻለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ነው። በዓመት ሲደመር 156 ጊዜ ይሆናል። መጀመሪያ የሚያስከፍል ሆስፒታል ነበርን፣ በኋላ ወደማያስከፍል ተዛወርን። ሁለቱንም ስላየሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

እኔን የሚያንገበግበኝ መክፈሉ ብቻ አይደለም። በሰዓት መቆጠሩ ነው። ገበያ ስትሄጂ ስንት ሰዓት እንደምትቆዪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ሆስፒታል ውስጥ ግን ሰዓቱ ያንቺ አይደለም። ለ3 ሰዓት ትቀጠሪያለሽ፣ ሐኪሙ ድንገተኛ ይገባበትና 5 ሰዓት ላይ ትጠሪያለሽ። ላብራቶሪ ትላኪያለሽ፣ እዚያም ወረፋ አለ። ውጤቱን ይዘሽ ተመለሺ ትባያለሽ። ይህ ሁሉ ሲሆን ውጪ የቆመው መኪና ይቆጥርብሻል። ሌላ ሰው ላዘገየሽ ሰዓት ከፋይዋ አንቺ ነሽ።

የኛን ልንገርሽ። እጥበቱ ራሱ 4 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የፓርኪንጉ ታሪፍ ደግሞ የሚዘለው ልክ እዚያው ላይ ነበር። እስከ 4 ሰዓት አንድ ዋጋ፣ ከዚያ ካለፈ የሙሉ ቀን ዋጋ። ግን እጥበት ማለት ማሽኑ የሚዞርበት ጊዜ ብቻ አይደለም። ከመጀመሩ በፊት ክብደት ይለካል፣ ግፊት ይታያል፣ ሁለት መርፌ ይገባል። ሲያልቅ መርፌዎቹ ይወጡና ደሙ እስኪቆም ድረስ ቦታውን በፋሻ ጫን አድርጎ መያዝ አለ። አንዳንዴ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ አንዳንዴ 20 ይፈጃል። ከዚያ ነርሷ እማዬ ተቀምጣ ሳለች ግፊቷን ትለካታለች፣ አስነስታ ደግሞ ትለካታለች። ብዙ ፈሳሽ ከሰውነቷ ስለወጣ ብድግ ስትል ግፊቷ ሊወርድ ይችላልና።

አንድ ቀን ፋሻውን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። በዚያው መሀል ሰዓቴን አየሁ። አንዴ ብቻ ነው ያየሁት። እሷ ግን ሳይ አየችኝ። «ቆጠረብህ አይደል ልጄ? በል ተነስ እንሂድ፣ ደህና ነኝ» አለች። ነርሷ ሌላ ታካሚ ጋ ነበረች። እማዬ ተነሳች። ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ሦስተኛው ላይ ጉልበቷ ከዳት። ደግነቱ አጠገቧ ስለነበርኩ ደግፌ አስቀመጥኳት። ፋሻው ተላቆ እጅጌዋ በደም ራሰ። ነርሷ ሮጣ መጣች፣ እግሯን ከፍ አድርጋ አስተኛቻት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ቆየን። የሙሉ ቀኑንም ከፈልኩ። የገንዘቡ ነገር ወጥቶልኛል። ሰዓቴን ማየቴ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

ይህ የኔ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የካናዳ የህክምና ማኅበር ጆርናል በርዕሰ አንቀጹ የሆስፒታል ፓርኪንግ ክፍያ ይቅር ብሎ ጽፎ ነበር። ክፍያው በሌላ ስም የመጣ የህክምና ክፍያ ነው አለ። ታካሚው ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ልቡ ግን መኪናው ጋ እንደሚሆንም አንስቷል። እኔ ይህን ሳነብ እማዬ ነች የመጣችብኝ። ስንቱ ሰው ይሆን መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ ውጦ የወጣው!

የባለቤትሽ ሐሳብም የሚናቅ አይደለም። አንድ መኪና ከመተላለፊያው ጋር 25 ካሬ ሜትር አካባቢ መሬት ይፈልጋል። አስፋልት አለ፣ መብራት አለ፣ ጥበቃ አለ። ማንም ካልከፈለ ወጪው ከሆስፒታሉ በጀት ይወጣል። በጀቱ ደግሞ የመድኃኒትና የነርስ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ከሁሉ በላይ የሚከፍለው ማነው? አዘውትሮ የሚመጣው ነው። አዘውትሮ የሚመጣው ደግሞ በጣም የታመመው ነው። የጨረር ህክምና የታዘዘለት ሰው ለሳምንታት በየቀኑ ሊመላለስ ይችላል። ገንዘቡ ለህክምና ይውላል ብንል እንኳ፣ የአንዱን በሽተኛ ህክምና ከሱ የባሰው በሽተኛ እየከፈለ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡ ሆስፒታሉ ኪስ መግባቱም ሁልጊዜ እርግጥ አይደለም። ስኮትላንድን እይ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ላይ መንግሥት በሕዝብ ሆስፒታሎች የፓርኪንግ ክፍያ አስቀረ። በግላስጎው፣ በኤድንብራና በደንዲ ያሉ ሦስት ትልልቅ ሆስፒታሎች ግን ማስከፈላቸውን ቀጠሉ። ማቆሚያዎቹ በግል ኩባንያ ውል ስር ስለነበሩ መንግሥት ዝም ብሎ ሊያነሳው አልቻለም። ክፍያው የቀረው ውሎቹ ተገዝተው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ከተማ ያለ በሽተኛ በነፃ ሲያቆም የእነዚህ ሆስፒታሎች ታካሚዎች ከፈሉ። ስለዚህ «ገንዘቡ ለህክምና ነው» የሚል ሰው ሲገጥምሽ፣ ፓርኪንጉን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነና ውሉ ምን እንደሚል ጠይቂ።

እስከዚህ ድረስ «በቃ ነፃ ይሁን» የምል መስዬሽ ይሆናል። በኋላ የተዛወርንበት ሆስፒታል ነፃ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። ሁለተኛው ቀን ቦታ አጣሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሞልቷል። ለካ አካባቢው ባሉ ቢሮዎች የሚሠሩ ሰዎች መኪናቸውን እዚያ አቁመው ይሄዱ ነበር፣ እስከ ማታም አይመለሱም። ጥበቃው ማን ታካሚ እንደሆነ በምን ይለይ? እማዬን በር ላይ አውርጄ፣ ዊልቸር ላይ ለብቻዋ ትቻት፣ ቦታ ፍለጋ ስዞር ግማሽ ሰዓት የሚሆን ጊዜ ይሄዳል። ስመለስ ያው በሩ ጋ አንገቷን ደፍታ አገኛታለሁ። ያኔ ነው ነፃ ሆኖ ቦታ ከሌለው ከፍሎ ቦታ ማግኘቱ ይሻላል ያልኩት። ስለዚህ ቁጥጥር ያስፈልጋል። ቁጥጥር ግን የግድ የታካሚን ኪስ መንካት የለበትም።

እዚያው ሆስፒታል በኋላ ያደረጉት ነገር እኔ እስካሁን ካየሁት ሁሉ የተሻለ ነው። በር ላይ ማገጃ አቆሙ። ስትገቢ ቲኬት ትወስጃለሽ። የታከምሽበት ክፍል ቲኬቱ ላይ ማህተም ያደርግልሻል። ማህተም ያለው ስንት ሰዓት ቢቆይም በነፃ ይወጣል። ማህተም የሌለው ይከፍላል፣ ደህና አድርጎ ይከፍላል። በሳምንቱ የቢሮዎቹ መኪኖች ጠፉ። ቦታ ተገኘ። ጠያቂዎችም የሁለት ሰዓት ነፃ ተሰጣቸው፣ ይህም ይበቃል። የሠራተኛው ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሌሊት ላይ ከፈረቃ የምትወጣ ነርስ ግን በጨለማ ሩቅ መሄድ የለባትም፣ ይህ አያከራክርም።

ይህን ማድረግ ያልቻለ ቢያንስ ቅናሽ ይስጥ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ክፍያው አለ፤ አካል ጉዳተኞች፣ አዘውትረው የሚመላለሱ ተመላላሽ ታካሚዎች፣ ከታመመ ልጃቸው ጋ የሚያድሩ ወላጆችና የሌሊት ሠራተኞች ግን እንዳይከፍሉ ተወስኗል። በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በቀን ከ10 ዶላር በላይ የሚያስከፍል ሆስፒታል የ5፣ የ10 እና የ30 ቀን ካርድ በግማሽ ዋጋ እንዲሸጥ ተገደደ።

ቅናሽ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ማወቁ ሌላ። የመጀመሪያው ሆስፒታላችንም የወር ካርድ ነበረው። እኔ የሰማሁት በሰባተኛው ወር ነው። የነገረኝ ሠራተኛ አይደለም፣ መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ሚስቱን የሚያስታምም አንድ አባት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ በየቀኑ ነው እንዴ የምትከፍለው?» ብለው ደነገጡልኝ። ሰባት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስቴ የሚያዩኝ የካርድ ክፍል ሠራተኞች አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ማስታወቂያው ከክፍያ ማሽኑ ጎን፣ በደቃቅ ፊደል ተለጥፎ ነበር። እዚያ ቆሞ የሚያነብ ማነው? ሁሉም በሽተኛ ይዟል።

ስለዚህ እህቴ፣ አንቺም የምታመላልሺው ሰው ካለ በመጀመሪያው ቀን የህክምና ክፍሉን ጸሐፊ ጠይቂ። የፓርኪንግ ሠራተኛውን ሳይሆን ክፍሉን። «ለተመላላሽ ካርድ አላችሁ ወይ? ቲኬት ላይ ማህተም ታደርጋላችሁ ወይ?» በያቸው። የለም ካሉሽ የሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ጋ በጽሑፍ አስገቢ። የከፈልሽባቸውን ደረሰኞች አትጣዪ፣ አንድ ላይ አያይዣቸው፤ የሦስት ወር ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰው ያዳምጣል። እኔ ያን አድርጌ ከኋላው የሁለት ወሩን መልሰውልኛል።

ማህተሙ ከተጀመረ በኋላ ቲኬቱን ለእማዬ እሰጣት ነበር። ራሷ ናት ለነርሷ የምታቀብለው። ማህተሙ ካረፈበት በኋላ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ሳብ አድርጋ «እንግዲህ ትንሽ ልረፍ» ትለኝና ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔም ሰዓት ሳላይ አጠገቧ እቀመጣለሁ።