መልስ፦ እዚህ ተመርምራ ካለፈች ዱባይ ለምን እንደገና?

ሰላም እህቴ። ታናሽሽ ለቤት ሠራተኝነት ዱባይ ልትሄድ ሱሉልታ ሆናችሁ ተጨንቃችኋል፤ እዚህ ተመርምራ አልፋ እዚያ ደግሞ ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም እዚያ ሠርቼ ተመልሼ አሁን ለገጣፎ ነው የምኖረው።

አዎ፣ እንደገና ትመረመራለች። የአገር ቤቱ ለጉዞው ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው እዚያው በሚወጣው ውጤት ነው። ከደሟ ኤችአይቪ ይታያል፤ ለቤት ሠራተኛ ሄፓታይተስ ቢ፣ ቂጥኝና እርግዝናም ይጨመራል። ለቲቢ ደግሞ ደረቷን ራጅ ትነሳለች።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ደሙን ነው፤ እኔ ግን ራጁን አደራ እላለሁ። ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ፊልሙ ላይ ሲታይ አዲስ ይሁን አሮጌ ወዲያው አይለይም፤ አክታ ስጪ ይባላል፣ ነገሩ ይጓተታል። ስለዚህ ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስዳ ከነበረ፣ ከጨረሰችበት ጤና ጣቢያ ማስረጃ ታውጣ። የድሮው ራጅ ካለም ይዛው ትሂድ፤ ማወዳደሪያ ይሆናታል።

ራጅ ክፍል ስትገባ የማተቧን መስቀል ታውልቅ፣ ረጅም ሹሩባ ከሆነችም ወደ ላይ ትሰብስበው፤ ሁለቱም ፊልሙ ላይ ጥላ ይጥላሉ። ደረቷን ሰሌዳው ላይ አስጠግታ፣ አየር በደንብ ስባ ትያዝ። እርግዝና ከጠረጠረች ከመነሳቷ በፊት ትናገር።

እባክሽ፣ «ውጤቷን አስተካክላለሁ» ለሚል ደላላ ብር አትስጡ። እዚያ የሚታየው ያው ሳንባዋ ነው፤ ካላለፈች ትመለሳለች፣ ዕዳው እናንተ ላይ ይቀራል።