«ከአሜሪካ የመጣው ዚንክ መድኃኒቴን ይተካልኛል?»

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ሐኪም «ድባቴ ነው» ብሎ ፍሉኦክሰቲን አስጀመረኝ። እንቅልፌ ትንሽ ተስተካክሏል። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ሊጥ ሳቦካ እንኳ ሁለት ጊዜ ቁጭ እላለሁ። የወር አበባዬም በጣም ይበዛብኛል። ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ዚንክና ማግኒዚየም ላከችልኝ። «ድባቴ የማዕድን እጥረት ነው፤ ያንን ኬሚካል ተይው» ትለኛለች። ሁለቱ ብልቃጦች ሳይከፈቱ ኩሽና ውስጥ፣ ከበርበሬው ዕቃ አጠገብ ተቀምጠዋል። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ

እህቴ፣ ኪኒንሽን አታቋርጪ። ፍሉኦክሰቲን ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ እንቅልፍሽ መስተካከሉ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው።

እህትሽም ከመሬት ተነስታ አላወራችም። ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ዚንክ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ከመድኃኒታቸው ጋር ዚንክ ሲጨመርላቸው የተሻላቸው ሕመምተኞችም አሉ። ከመድኃኒታቸው ጋር ነው ያልኩሽ። ማግኒዚየምም እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በ126 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ስሜታቸው ተሻሽሏል። ሰዎቹ ግን የሚውጡትን ያውቁ ስለነበር፣ ምን ያህሉ የማዕድኑ፣ ምን ያህሉ የተስፋው ሥራ እንደሆነ መለየት ይከብዳል።

እኔን ያሳሰበኝ የወር አበባሽ ነው። ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት ብረት ያልቅባታል። የብረት እጥረት ያደክማል፣ ሐሳብ ይበትናል፣ ስሜት ያወርዳል። ከድባቴ ጋር ይመሳሰላል፤ አብሮትም ይኖራል። ሐኪምሽን ፌሪቲን የሚባለውን፣ የብረት ክምችትን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ጠይቂው። ደም ማነስ የሚታይበት ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ሳለ የብረት ክምችት ሊያልቅ ይችላል። የወር አበባሽ የሚበዛበት ምክንያትም ይታይልሽ።

እስከዚያው ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት። ምሳ እንደበላሽ አቦል የምትቀጂ ከሆነ አንድ ሰዓት አቆዪው፤ ቡናና ሻይ ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ያግዳሉ። ያ የሚያደክምሽ ሊጥ ግን ያግዝሻል፤ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ የታሰረው ብረትና ዚንክ ይላቀቃል።

የብልቃጦቹን ጀርባ አንብቢ። ለአንቺ በቀን 8 ሚሊግራም ዚንክ ይበቃል። ከ40 በላይ ለረጅም ጊዜ መውሰድ መዳብ ያሳጣል፤ እሱም ራሱ ደም ማነስ ያመጣል። ስለዚህ ሳትከፍቻቸው ለሐኪምሽ አሳዪው።

የመሞት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ፣ ሰውም ይከተልሽ። ለእህትሽም ደውዪላት። የላከችልሽ ስለጨነቃት ነው።