ሲያትል ዙሪያ ካያክ የት እንቅዘፍ? ጥያቄና መልስ

ፀሐይ ብቅ ስትል ስለ ካያክ፣ በመቅዘፊያ ስለሚነዳው ጠባብ ጀልባ፣ የምትጠይቁኝ ትበዛላችሁ። እዚህ ሲያትል ብዙ ዓመት ስለቀዘፍኩ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። እኔ ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ብገለበጥ በየት በኩል እወጣለሁ? መልሶቼን ስታነቡ ይህችን ጥያቄ ደጋግማችሁ ታገኟታላችሁ።

ካያክ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ዋናም ብዙ አልችልም። የት ልጀምር?

ከሐይቅ ጀምሪ። ዩኒየን ቤይ፣ የዛፎች መናፈሻው አርቦሪተም አጠገብ ያለው ውሃ ለጀማሪ የተሠራ ይመስላል። በደሴቶቹ መካከል ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ፣ ነፋሱ ብዙ አይደርስባቸውም፣ ዳሩ ሁሌም ቅርብ ነው። ጠዋት ከሄድሽ ግንድ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ኤሊዎች ታያለሽ። ሞንትሌክ ቦይ ውስጥ ግን አትግቢ። ሞተር ጀልባ ይበዛበታል፣ የግንቡ ግድግዳ ደግሞ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል። ላይፍ ጃኬቱን፣ የሚያንሳፍፈውን ሰደሪያ፣ ከዳር ሳትነሺ ዚፑን ዝጊና ልበሺው።

ሌክ ዩኒየንስ?

ጥሩ ነው፣ ግን ዳር ዳሩን ያዙ። መሀሉ ላይ አውሮፕላን ያርፍበታል። ቢጫዎቹ ተንሳፋፊ ምልክቶች መብራታቸው ብልጭ ድርግም ካለ አውሮፕላን ሊያርፍ ወይም ሊነሳ ነውና ከመሀል ውጡ።

ጋሼ፣ ሐይቅ ላይ ሁለት ሰመር ቀዝፌያለሁ። አሁን ጨው ውሃ መሞከር እፈልጋለሁ። ከሁለቱ የባሕር ዳርቻዎች አልካይ ይሻላል ጎልደን ጋርደንስ?

አልካይ፣ በሲክሬስት በኩል። ከደቡብ የሚመጣውን ነፋስ ዌስት ሲያትል ይከልልልሃል። ጎልደን ጋርደንስ ግን ለሰሜኑም ለደቡቡም ነፋስ የተጋለጠ ነው። የሰሜን ነፋስ በተተነበየበት ቀን ሲክሬስትንም ተወው።

ዳሩን ተከትለህ ቅዘፍ፣ ወደ መሀል ከተማ ለመሻገር አትቸኩል። ሰውና መኪና ከሚያሻግረው ፌሪ ደግሞ መርከቡ ብቻ ሳይሆን ሞገዱም አለ። ሞገዱ የሚደርሰው መርከቡ ካለፈ ከደቂቃዎች በኋላ ነው። ሰው መርከቡን ረስቶ ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን ሲያወጣ ይደርስበታል። የካያክህን አፍንጫ ወደ ሞገዱ አዙርና መቅዘፊያህን ውሃ ውስጥ አድርገህ ጠብቀው። አምስት አጭር ጡሩምባ ከሰማህ መርከቡ አደጋ አይቷል ማለት ነውና ቶሎ ከመንገዱ ውጣ።

በሐምሌ ሰው በቲሸርት ሲቀዝፍ አያለሁ። ዌትሱት፣ ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚጠብቀው ልብስ፣ የግድ ነው?

ፒዩጀት ሳውንድ ላይ፣ ሲያትል ዳሩ ላይ ባለችበት የጨው ውሃ ማለት ነው፣ አዎ። ሐይቁ በሰመር ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ሳውንዱ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልብስ የሚመረጠው ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ጎልደን ጋርደንስ ላይ ነው። ሐምሌ ነበር፣ ጠራራ ፀሐይ። ጂንስ ሱሪና ቲሸርት ለብሼ ወጣሁ። ከጎን የመጣ ሞገድ ገለበጠኝ። መጀመሪያ የሄደብኝ ትንፋሼ ነው፤ አየር እየሳብኩ ማስወጣት አቃተኝ። ፊሽካዬ ደረቴ ላይ ታስሯል፣ አየዋለሁ፣ ጣቶቼ ግን አልጨብጥ አሉ። ሁለት ቀዛፊዎች ደርሰው ካያኬን ባይዙልኝ ኖሮ ተመልሼ አልወጣም ነበር። ከዳሩ የራቅኩት 100 ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

በቀዝቃዛ ውሃ ስልጠና የሚሰጥ ቁጥር አለ፦ 1፣ 10፣ 1። ትንፋሽን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ። እጅና እግር ለሚታዘዙበት ጊዜ 10 ደቂቃ። ራስን እስከ መሳት 1 ሰዓት ገደማ። ላይፍ ጃኬት የሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰጥመው ሰውነቱ ሳይቀዘቅዝ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ዌትሱት ልበስ፣ ከቻልክ ውሃ የማያስገባውን ድራይሱት። ተገልብጦ መውጣትንና ካያኩ ላይ መልሶ መውጣትንም መጀመሪያ በሞቀው ሐይቅ ተለማመድ።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፣ ታንኳ እየቀዘፍኩ። ከጣና በምን ይለያል?

ነፋሱን ታውቀዋለህ፣ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ጣና ላይ ጠዋት መስታወት የመሰለው ውሃ ከሰዓት በኋላ እንደሚናወጥ አይተሃል። ለዚህም ነው ታንኳ ይዞ የሚሻገር ሰው ማለዳ የሚነሳው። እዚህም በማለዳ ውጣ።

ጣና ላይ የሌለው ታይድ ነው። ሳውንዱ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በትልልቅ ቀናት ልዩነቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ጠዋት ካያክህን ያወረድክበት ዳርቻ ስትመለስ ረጅም ጭቃ ሆኖ ሊጠብቅህ ይችላል። የሚገባና የሚወጣው ውሃ ደግሞ ጠባብ ቦታ ላይ እንደ ወንዝ ይሮጣል። የታይድ ሰንጠረዥ ሳታይ ከቤት አትውጣ።

ከሲያትል በስተሰሜን ያለውን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ ዲሴፕሽን ፓስን፣ በድልድዩ ስር ማለፍ ሕልሜ ነው። ሦስት ዓመት ቀዝፌያለሁ፣ ይበቃል?

በዓመት አልመዝነውም። እዚያ ውሃው 8 ኖት ይደርሳል፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ደህና ቀዛፊ የሚይዘው 3 ኖት አካባቢ ነው። ስለዚህ ወራጁ ወደ ወሰደህ ትሄዳለህ። ውሃው ወደ ምዕራብ እየወጣ ነፋሱ ከምዕራብ ሲመጣ ደግሞ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብትገለበጥ የምትወጣበት ዳር በአብዛኛው ገደል ነው።

መጀመሪያ አጠገቡ ባለው ቦውማን ቤይ ቅዘፍ። የተከለለ ነው፣ በጣምም ያምራል። ከዚያ ቦታውን ከሚያውቅ አስተማሪ ጋር፣ ውሃው አቅጣጫ ሊቀይር ሲል ቀጥ በሚልባት አጭር ጊዜ እለፈው። የወራጁን ሰዓት ከወራጅ ሰንጠረዥ አንብብ፤ ከሙላትና ጉድለቱ ሰዓት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

ወንድሜ፣ ልጆቼ 7 እና 10 ዓመታቸው ነው። ይዣቸው ልወጣ?

እህቴ፣ ሐይቅ ላይ፣ ዳር ዳሩን፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት አዎ። በዋሽንግተን ስቴት 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ እንዲህ ባለ ትንሽ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት መልበሱ በሕግ ግዴታ ነው። በልካቸው የሆነውን ምረጪ። ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ስትስቢው አገጫቸውን ካለፈ ሰፊ ነው።

ኦርካ፣ ጥቁርና ነጩን ትልቅ የባሕር እንስሳ፣ ብናይስ?

ቆማችሁ ከሩቅ እዩ። በዚህ አካባቢ ከሚኖሩት፣ ቁጥራቸው ከተመናመነው ኦርካዎች ቢያንስ 1,000 ያርድ መራቅ ግዴታ ነው፣ 914 ሜትር ገደማ። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የጸና ሲሆን ካያክንም ይመለከታል። ቀርበው ከመጡባችሁ ወደ ዳር ቀዝፉና እስኪያልፉ ጠብቁ።