ቡገንቪሊያ ላይ (አጥር ላይ የሚወጣው ባለ እሾህ የአበባ ተክል) ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

አስቀድሜ ልናገር፦ ውሃ አታብዙ። ግማሹ ጥያቄ እዚህ ላይ ያልቃል።

ከአያት ሰፈር፦ ጋሼ፣ የኔ ቅጠል ብቻ ሆነ። በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ዩሪያም ጨምሬበታለሁ።

መልስ፦ መልሱን ራስሽ ተናገርሽው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ያበዛል። ተይው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጪ፣ እርጥብ ከሆነ ዝም በይው። ክረምቱን ቅጠል ብቻ ሆኖ ከርሞ ዝናቡ ሲያቆም የሚፈነዳው ለምን ይመስልሻል? ሲጠማው ነው የሚያብበው። ፀሐይም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ይፈልጋል።

ከድሬዳዋ፦ የኔ ግላብራ ነው ስፔክታቢሊስ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ሁለቱም የቡገንቪሊያ ዝርያዎች ናቸው። መጀመሪያ፣ ያ ሐምራዊው አበባው አይደለም፣ ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው። ገለጥ አድርገህ እየው። ሦስት ቅጠሎች፣ በእያንዳንዱ ላይ የተለጠፈች ነጣ ያለች ቀጭን ቱቦ። አበባዋ እሷ ናት። አሁን አረንጓዴውን ቅጠል በጣትህ ዳብሰው። ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ እሾሁም አጭር ከሆነ፣ ወደ ግላብራ ነው። ፀጉራም ከሆነና እሾሁ ረጅምና ቆልመም ያለ ከሆነ ስፔክታቢሊስ በለው። ሁለቱም አገራቸው ደቡብ አሜሪካ ነው። ደማቅ ቀዩ ብዙ ጊዜ ቡቲያና የሚባለው ድቅል ነው፣ የግላብራና ፔሩቪያና የሚባለው ሌላ ዝርያ ልጅ። ችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው አብዛኛው ድቅል ስለሆነ ግን ቁርጥ ያለ ስም ካላገኘህ አትናደድ።

ከሰሚት፦ ችግኙ ስንት ነው?

መልስ፦ ሻጭ ጠይቅ።

ከሐዋሳ፦ የኔ ያበበው የቡና አተላ ከሥሩ እያፈሰስኩ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ባክህ! የኛን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ አጥሩን ሸፍኖታል።

ከሐዋሳ፦ አጥር ሸፈነ ማለት አበበ ማለት ነው?

ከባሕር ዳር፦ ና እና እየው።

መልስ፦ አተላውን ተዉትና ወደ ጉዳያችን።

ከቨርጂኒያ፦ ቤት ውስጥ ካስገባሁት ወዲህ ቅጠሉን አራገፈ። ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ ግንዱን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አለ። ውርጭ ስለማይችል ማስገባትሽ ልክ ነው። መስኮት አጠገብ አኑሪው። ውሃ ቀንሺ፣ ቀንሺ!

ከመገናኛ፦ ተክሌ ታሟል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑን ነው ያመመው? እኔ ጠንቋይ ነኝ?

ከጎንደር፦ የኔ ለምን አያብብም?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ከአዳማ፦ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጬ ልተክል ነበር።

መልስ፦ ለጋውን ተይው። እርሳስ የሚያህል፣ እንጨት መሆን የጀመረውን አንድ ስንዝር ቁረጪ። ቅጠሉን አራግፊና አሸዋ የበዛበት አፈር በሞላ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ትከይው፣ ከላይም ላስቲክ አልብሺው፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ሥር ይዟል አልያዘም እያልሽ እየነቀልሽ አትይ። ስታዛውሪው የተተከለበትን ላስቲክ በምላጭ ቅደጂና ከነአፈሩ አስገቢው። ሥሩ ቶሎ ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ ደግሞ ያኮርፋል። ጓንት አድርጊ። ውሃውን ደግሞ... ታውቂዋለሽ።

ከአዳማ፦ በየቀኑ ነው የማጠጣው?

መልስ፦ ደህና እደሩ።