የተላጠ ሳንቲም፦ የፋብሪካ ስህተት ነው ወይስ ጉዳት?

ወንድሜ፣ በ1944ቱ የአሜሪካ ባለ 5 ሳንቲም ላይ ያለው ልጣጭ ላሚኔሽን (በፋብሪካ ጉድለት የብረቱ ንብርብር መላጡ) ነው ወይስ ሰው ያበላሸው ብለሃል። ዘመኑ ላንተ ያደላል። ከ1942 መገባደጃ እስከ 1945 የታተሙት 56 በመቶ መዳብ፣ 35 በመቶ ብርና 9 በመቶ ማንጋኒዝ ናቸው፤ ይህ ቅይጥ በመላጥ የታወቀ ነው። ሳንቲምህ የዚህ ቅይጥ መሆኑን ለማወቅ በጀርባው ካለው ሕንፃ ጉልላት በላይ ትልቅ የላቲን ፊደል (P፣ D ወይም S) መኖሩን አረጋግጥ።

ጉድለቱ የሚፈጠረው ከመታተሙ በፊት ነው። ቅይጡ ውስጥ የቀረ ቆሻሻ ወይም የጋዝ አረፋ ብረቱ በመዳመጫ ሲሳሳ ወደ አንድ አቅጣጫ ተስቦ ስስ ንብርብር ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልገው አቅጣጫን ነው። 10 እጥፍ በሚያጎላ ማጉያ፣ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገህ ሳንቲሙን ቀስ እያልክ አዙር። በተላጠው ወለል ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቃጫ መሳይ መስመሮች ካየህ ጥሩ ምልክት ነው።

ስለታም ነገር የፋቀው ሳንቲም ግን ብረቱ ወደ ጎን ስለሚገፋ በጉድጓዱ ዳር ከፍ ብሎ ይቆለላል። ዝገት የበላው ያለ አቅጣጫ የተበታተኑ ጉድጓዶች አሉት። መስመሩ ከወለሉ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ የማተሚያው ስንጥቅ ነው፣ ላሚኔሽን አይደለም። ከ1982 ወዲህ በዚንክ ላይ መዳብ በተለበጡ የአሜሪካ ባለ 1 ሳንቲሞች ላይ የሚታየው እብጠትም የልባጡ ችግር ነው፤ ሻጮች ላሚኔሽን ብለው ቢለጥፉበት አትመን።

ልጣጩ መቼ እንደወደቀ የሚነግርህ ምስሉ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ፊደል ወይም ምስል ደብዝዞም ቢሆን ከቀጠለ የወደቀው ከመታተሙ በፊት ነው፤ ምስሉ ድንገት ተቆርጦ ሻካራ ወለል ብቻ ከቀረ ከታተመ በኋላ ነው። ሁለቱም እውነተኛ የፋብሪካ ስህተቶች ናቸው።

እስከ 0.01 ግራም በሚያነብ ሚዛን መዝነው፤ ሙሉው 5.00 ግራም ነው። ትንሽ ልጣጭ ክብደቱን ብዙም አይነካውም። በጣም ቀልሎ ምስሉ በሁለቱም ገጽ እኩል ከሟሟ አሲድን ጠርጥር፤ አንዱ ገጽ ብቻ ጠፍቶ በመስመር ከተሞላ ግን ሳንቲሙ በውፍረቱ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ገና ያልወደቀውን ልጣጭ በመርፌ አታንሳ፣ በጨርቅም አትሸው፤ ከተሰበረ አይመለስም። ከቪኒል ከረጢት ይልቅ በጠንካራ የፕላስቲክ ካፕሱል አስቀምጠው፤ ሲወጣና ሲገባ የልጣጩን ጫፍ አይዝበትም። ለተጨማሪ አስተያየት የሁለቱን ገጽ ፎቶ፣ የልጣጩን ሥር በቅርብና ከጎን በመጣ ብርሃን፣ ከክብደቱ ጋር ላክ።